በባሕር ዳር በሰላም ለመሮጥና ለመራመድ፦ መጀመሪያ ሰዓቱን ምረጡ

ባሕር ዳር ለእግር የተመቸች ከተማ ናት። መንገዱ ሜዳና ሰፊ ነው፤ ዳርና ዳሩን ዘንባባ ይዞታል። ከፍታዋ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ትንፋሽ እንደ አዲስ አበባ አይቆራረጥም። ከዚያ ላይ ጣና አለ። ስለዚህ ብዙ ሰው «ከነገ ጀምሮ ሶምሶማ!» ብሎ ጫማ ይገዛና ይወጣል።

ግን ይህ ዳርቻ በቀን ሌላ፣ በጨለማ ሌላ ነው። ጉማሬው፣ የወባ ትንኙ፣ መንጋ ውሻው፣ መብራት የሌለው ባጃጅ፣ ስልክ ነጣቂው፣ ሁሉም የሚወዱት ያንኑ ድንግዝግዝ ሰዓት ነው። ሰዓቱን በደንብ የመረጠ ሰው ከሚከተሉት ብዙዎቹን አደጋዎች ሳያገኛቸው ያልፋል። ለዚህ ነው ከሰዓት የምጀምረው።

1. ሰዓታችሁን በብርሃኑ ወስኑ

በሰኔ ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ላይ ነው። በጥር ግን 12 ሰዓት ከ50 አካባቢ ይሆናል። ማታም እንዲሁ ነው። በኅዳር 12 ሰዓት እንዳለፈ ትጠልቃለች፤ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ወደ 1 ሰዓት ትጠጋለች። ስለዚህ በሰኔ የለመዳችሁትን የ12 ሰዓት ሩጫ በጥር በዚያው ሰዓት ከቀጠላችሁ፣ አብዛኛውን በጨለማ ትሮጣላችሁ። ስልካችሁ ላይ ያለው የአየር ሁኔታ ማሳያ ፀሐይ የምትወጣበትንና የምትጠልቅበትን ሰዓት ይነግራችኋል። በየሁለት ሳምንቱ አንዴ እዩት።

ድንግዝግዙ አጭር ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እግራችሁ የሚረግጠውን በደንብ የምታዩት ለሃያ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው።

እኔ ጠዋትን እመርጣለሁ። ፀሐይ ስትወጣ ጀምራችሁ እስከ 2 ሰዓት ተኩል ብትጨርሱ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ መንገዱም ሰው አለበት። የማታ ሰው ከሆናችሁ 10 ሰዓት ላይ ውጡ። ጀንበር ልትጠልቅ ግማሽ ሰዓት ሲቀራት ከሐይቁና ከወንዙ ዳር ወጥታችሁ መብራት ያለበት አስፋልት ላይ ሁኑ። የጣና ጀንበር መጥለቂያ ያማልላል፣ አውቃለሁ። እሱን ቁጭ ብላችሁ ቡና እየጠጣችሁ እዩት።

ከየካቲት እስከ ግንቦት ሙቀቱ ይበረታል። የቀኑ ሙቀት 30 ዲግሪ መድረሱ የተለመደ ነው። በእነዚህ ወራት ከ5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት አትሩጡ። ለመራመድም ቢሆን ጥላ ጥላውን ያዙ፤ ባርኔጣ አድርጉ።

ጾም ላይ ያላችሁ ደግሞ ለብቻ ማሰብ አለባችሁ። ዐቢይ ጾም የሚውለው እዚሁ ሙቀት ውስጥ ነው። እስከ 9 ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምሱ ጠዋት ላብ በላብ መሆን ማለት የወጣውን ውሃ እስከ ከሰዓት ሳይተኩ መዋል ነው። ጾመኛ ከሆናችሁ ጠዋት ቀስ ያለ የግማሽ ሰዓት እርምጃ ይበቃችኋል። ሩጫውን ጾም ከፈታችሁ በኋላ፣ ቀለል ያለ ነገር ቀምሳችሁና ውሃ ጠጥታችሁ፣ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ አድርጉት። በረመዳን የሚጾሙ ወገኖች ከመግሪብ በፊት ባሉት የመጨረሻ ደቂቃዎች በዝግታ መራመድ ይሻላቸዋል፤ ማፍጠሪያው ቅርብ ነውና። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ግን ጾምንና ሩጫን ከማጣመራችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰዓት እላፊ ባለበት ጊዜ «ስፖርት እየሠራሁ ነው» የሚል ምክንያት አያድንም። የሰሞኑ ሁኔታ ካላማራችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ጎረቤት ጠይቁ። መንገዱ ጭር ካለ፣ ሱቆች በሰዓታቸው ካልተከፈቱ፣ የዚያን ቀን ግቢ ውስጥ ገመድ ዝለሉ።

2. መንገዱን ምረጡና ለአንድ ሰው ንገሩ

ለጀማሪ የሚሻለው በሐይቁ ዳር በተሠራው የእግረኛ መንገድና በመሀል ከተማው ሰፋፊ ጎዳናዎች መዞር ነው። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ተነስታችሁ ሰው በሚበዛበት በኩል ሄዳችሁ መመለስ ትችላላችሁ። ጠዋት ኪዳን የሚሄዱ ሰዎች ስላሉ ብቻችሁን አትሆኑም። በቤተ ክርስቲያን በር ስታልፉ ግን ሩጫውን ወደ እርምጃ ቀይሩ። ሰው ተሳልሞ ድንገት ወደ ኋላ ሲል ትጋጫላችሁ፤ ለወጉም ያምራል።

ፔዳ እና ፖሊ አካባቢ ያላችሁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በግቢያችሁ ውስጥ መሮጥ ትችላላችሁ። መኪና ጥቂት ነው፣ ጥበቃም አለ። እኔ ብሆን ግቢ እያለልኝ አስፋልት አልወጣም።

በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፤ የእግረኛ መሄጃም አለው። ከመንገዱ ጠርዝ ሳትወርዱ ደርሶ መልስ ማድረግ ጥሩ ልምምድ ነው። ዳገት የሚፈልግ ቤዛዊት ይውጣ፤ አባይን ከላይ ያያል። ቤዛዊት ግን ከሦስት ሰው በታች፣ ያውም በማለዳ፣ አልመክርም። አናቱ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት አለ። ጥበቃ ባለበት ቦታ ካሜራ አታውጡ።

ወደ ጎንደርና ወደ አዲስ አበባ የሚወስዱት አስፋልቶች ከከተማ ሲወጡ ለእግር አይሆኑም። የጭነት መኪናው ይበዛል፣ ጠርዙ ይጠባል። ከዚያ ማዶ ለመሮጥ ምንም ምክንያት የለም።

መንገዳችሁን ከመረጣችሁ በኋላ ለአንድ ሰው ንገሩ። «በድልድዩ በኩል ዞሬ 1 ሰዓት ተኩል ላይ እመለሳለሁ» ማለት በቂ ነው። ቴሌግራም ላይ ያላችሁበትን ቦታ ለአንድ ሰዓት ማጋራትም ይቻላል። የነገራችሁት ሰው ግን ስትዘገዩ የሚደውል ይሁን። «እሺ» ብሎ የሚተኛ ወንድም ለዚህ አይረባም።

3. የምትለብሱትና የምትይዙት

ማለዳ አስፋልት ላይ ከሩቅ የሚታዩት ነጠላ የለበሱ እናቶች ናቸው። ጥቁር ቱታ የለበሰው ሯጭ ባጃጁ አጠገቡ እስኪደርስ አይታይም። ነጭ፣ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ልበሱ። የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ካገኛችሁ እሰየው።

ኪሳችሁ ውስጥ መታወቂያ፣ የቤተሰብ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት፣ ለባጃጅ የሚሆን ብር ይኑር። ስልክ ቢቆለፍ ማንም ሊከፍተው አይችልም፤ ወረቀት ግን ማንም ያነባል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 ነው። የቅርባችሁን ፖሊስ ጣቢያ ቁጥርም መዝግቡ። ወርቅና ውድ ሰዓት ቤት ይቀመጥ።

ከአንድ ሰዓት ላነሰ የጠዋት ሩጫ ውሃ መሸከም ግድ አይደለም፤ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ሁለት ብርጭቆ ጠጡ። ከዚያ ለሚረዝም ወይም በሙቀት ለሚደረግ ግን ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ያዙና እየተጎነጫችሁ ሂዱ።

4. አስፋልቱ ላይ

መኪና በቀኝ ስለሚነዳ እናንተ ግራችሁን ያዙ። ፊት ለፊት የሚመጣውን ታያላችሁ፤ ከኋላ የሚመጣው ደግሞ በሌላኛው ጠርዝ ያልፋል። ይህን ከትምህርት ቤት ጀምሮ ሰምተነዋል፤ የሚያደርገው ግን ጥቂት ነው።

የባሕር ዳር ዋናው አደጋ ግን ባጃጅ ነው። ባጃጅ ተሳፋሪ ካየ ፍሬቻ ሳያሳይ ይታጠፋል፤ መሀል መንገድ ላይ ይቆማል፤ አንዳንዴም በተቃራኒ አቅጣጫ ይመጣል። እጁን የዘረጋ ሰው ጠርዝ ላይ ከቆመ ባጃጁ ወደ እናንተ እንደሚመጣ ቁጠሩት። ፍጥነታችሁን ቀንሱና ከሰውየው ኋላ እለፉ። መስቀለኛ ላይ ደግሞ ከሹፌሩ ጋር ዓይን ለዓይን ሳትተያዩ አትሻገሩ። ብስክሌትም አለ። ድምፅ ስለሌለው ከመታጠፋችሁ በፊት በትከሻችሁ ዞር ብላችሁ እዩ።

ኢርፎን የምትወዱ በአንድ ጆሮ ብቻ አድርጉ። በሐይቁና በወንዙ ዳር ግን ጭራሽ አውልቁት፤ ምክንያቱ ቀጥሎ ነው።

5. ጉማሬ

እንግዳ ሰው ይህን ሲሰማ ቀልድ ይመስለዋል። አባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢና በወንዙ ዳር ጉማሬ አለ። ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል። ሲመሽ ሳር ሊግጥ ወደ ዳር ይወጣል፤ ሊነጋ ሲል ይመለሳል። ሳር ፍለጋ ከውሃው ኪሎ ሜትሮች ሊርቅ ይችላል። ሳር በል በመሆኑ አትታለሉ። ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን እንስሳ ነው፣ በምድር ላይም በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። እናንተ አትቀድሙትም።

ጉማሬ የሚያጠቃው በአብዛኛው ወደ ውሃው የሚመለስበት መንገድ የተዘጋበት ሲመስለው ነው። ሕጉ ከዚህ ይመጣል፦ በጉማሬና በውሃ መካከል በፍጹም አትግቡ።

በተግባር እንዲህ አድርጉ። ከመሸ በኋላና ሳይነጋ በደንገልና በረጃጅም ሳር መካከል ባለ የእግር መንገድ አትሂዱ። ከውሃው ወደ ሳሩ የሚወስድ፣ ሰፋ ያለ የተረጋገጠ ጭቃማ መተላለፊያ ካያችሁ ያ የጉማሬ መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ቶሎ እለፉት። እዚያ ቆማችሁ የጫማ ክር አትሰሩ። ታንኳ የሚቀዝፉ ዓሣ አጥማጆች የትኛው ጥግ ላይ እንዳለ ከማንም በላይ ያውቃሉ። «እንዴት አደራችሁ፣ ዛሬ ጉማሬ ወጥቷል?» ብሎ መጠየቅ ሁለት ሰከንድ ነው። «ወንድሜ፣ በዚያ በኩል አትለፍ» ካሏችሁ አትከራከሩ፤ ተመለሱ።

በድንገት ብታገኙትስ? ቁሙ። አትጩኹ፣ ድንጋይ አትወርውሩ። ፊታችሁን ወደ እሱ አድርጋችሁ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ፣ ከውሃው ወደሚርቀው አቅጣጫ ሂዱ። አፉን በሰፊው ሲከፍት እንቅልፍ መጥቶበት አይደለም፤ ማስፈራሪያ ነው። ከመጣባችሁ ወፍራም ዛፍ፣ ግንብ ወይም የቆመ መኪና ጀርባ ግቡ፤ ዛፍ መውጣት የሚችል ይውጣ። ግልገል ያላት እናት ከሁሉም የከፋች ናት። ፎቶ ለማንሳት መጠጋት ደግሞ እብደት ነው።

6. ውሻ

ማለዳ የሰፈር ውሾች በመንጋ ይዞራሉ። የሚሮጥ ነገር ያባርራሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ሩጫውን አቁሙ። ጎን ሰጥታችሁ ቁሙ፣ ዓይናቸው ላይ አታፍጥጡ፣ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ። ካልሸሹ ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ የምታነሱ ምሰሉ። የአገራችን ውሻ ይህን ምልክት ያውቀዋል፤ ብዙውን ጊዜ መወርወር ሳያስፈልግ ይበተናል።

ከነከሳችሁ ወይም ጥርሱ ቆዳችሁን ከጫረ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፤ በሰዓት ያዙት። ከዚያ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሄዳችሁ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጠይቁ። ክትባቱ በአንድ ቀን አያልቅም፤ የተሰጣችሁን ቀጠሮ ሁሉ ጨርሱ። ውሻው ባለቤት ካለው ማን እንደሆነ እወቁ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለውም። ጠበሉንም ሆነ የባህል መድኃኒቱን የሚፈልግ ሰው መርፌውን ከተወጋ በኋላ ይሂድ።

7. ሰው

ስልክ እጅ ላይ ይዞ መሮጥ ሌባን መጋበዝ ነው። ወገብ ላይ በሚታሰር ቦርሳ ወይም በዚፕ ኪስ ያዙት። መልእክት ለማንበብ ከፈለጋችሁ ወደ ግድግዳ ተጠግታችሁ ቁሙ። ነጣቂ ከመጣ ስልኩን ልቀቁት፤ ተከትላችሁ ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገድ አትግቡ።

ለሴቶች ለከፋው የታወቀ ነው። መልስ መስጠት ወይም ዝም ማለት የእናንተ ምርጫ ነው፤ ሁለቱም ነውር የለበትም። አንድ ሰው ከተከተላችሁ ግን ወደ ቤታችሁ አትምሩት። ወደ ተከፈተ ሱቅ ወይም ጥበቃ ወዳለበት በር ግቡና «ጋሼ፣ ይሄ ሰው እየተከተለኝ ነው» ብላችሁ ጮክ በሉ። በባሕር ዳር እንዲህ ስትሉ ሰው ይሰበሰባል። መንገዱንና ሰዓቱን በየጊዜው መቀያየርም ይረዳል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሦስት አራት ሆኖ መውጣት ነው፤ የቢሮ ጓደኛም ጎረቤትም ይሆናል። ፍጥነቱ በደካማው ሰው ይለካ።

8. ክረምት ሲገባ

ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ከባድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። የክረምት ሩጫ ስለዚህ የጠዋት ነው።

ነጎድጓድ ከሰማችሁ መብረቅ ሊደርስባችሁ ይችላል ማለት ነው። ሐይቁ ሜዳ ስለሆነ ዳር ላይ የቆመ ሰው ጎልቶ ይታያል። ወደ ቤት ወይም ወደ መኪና ውስጥ ግቡ። ትልቁ ዋርካ ሥር መጠለል የለመድነው ነው፤ ግን በመብረቅ ጊዜ ከሁሉ የከፋው ቦታ እሱ ነው። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ።

ጎርፍ የሸፈነውን ጎዳና አትርገጡ። ከውሃው ሥር ክዳን የሌለው ቦይ ሊኖር ይችላል።

9. ከሐይቁ ውሃ እግራችሁን አርቁ

ላብ በላብ ሆኖ እግርን ጣና ውስጥ መንከር ደስ ይላል። አታድርጉት። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ። ጥገኛው ሳርና ደንገል ባለበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ከሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ይወጣል፤ በጤነኛ ቆዳም ያልፋል። መጠጣት አያስፈልግም፤ መንከር ብቻ ይበቃል። የነከራችሁ ካላችሁ ሐኪም ቤት ምርመራና መድኃኒት አለ። ፊታችሁን ለመታጠብም ከሃይላንዳችሁ ተጠቀሙ።

10. ሰውነታችሁ ሲናገር

እየሮጣችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል። ከባሕር ዳር ዝቅ ካለ ሞቃት አገር የመጣ እንግዳ ደግሞ ለጥቂት ቀናት ይራመድ እንጂ አይሩጥ።

ራስ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ ከባድ ድካም ሲመጣ ሙቀቱ እያሸነፋችሁ ነው። ጥላ ግቡ፣ ውሃ ጠጡ፣ አንገታችሁንና ብብታችሁን አርጥቡ። ኦአርኤስ ካለ በጥብጣችሁ ጠጡ። ሰውየው መቀባጠር ከጀመረ ወይም ከወደቀ ሰውነቱን በውሃ እያቀዘቀዛችሁ 907 ደውሉ። ደረት ላይ ጫና፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ካለም እንዲሁ፤ «ጋዝ ነው» ብላችሁ አትጠብቁ።

ወለምታ ሲያጋጥም ወዲያው ወደ ወጌሻ መሮጥ ልማዳችን ነው። አራት እርምጃ መራመድ ካልቻላችሁ ወይም አጥንቱን ስትጫኑት በጣም ካመማችሁ መጀመሪያ ራጅ ተነሱ። የተሰበረ አጥንት መታሸት የለበትም። ራጁ ሰላም ከሆነ እግሩን ከፍ አድርጋችሁ፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙበት።

የመጨረሻው ትንኝ ነው። የወባ ትንኝ የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ወባ በባሕር ዳር ይበረታል። በእነዚህ ወራት በድንግዝግዝ የምትወጡ ረጅም ሱሪና ረጅም እጅጌ ልበሱ፤ ትንኝ የሚያባርር ቅባት ተቀቡ። ከሩጫ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ከመጣ «ላብ ላይ ፀሐይ አገኘኝ፣ ምች ነው» ብላችሁ በዳማከሴ ብቻ አትለፉት። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የደም ምርመራ አድርጉ። ውጤቱ ነጻ ቢሆንና ትኩሳቱ ባይለቅ፣ በማግስቱ ተመልሳችሁ እንደገና ተመርመሩ።